ካናቢስ ያጤሰ ሰው መኪና ሊነዳ ይገባዋልን?

በዚህ ዘመን ወደ ንስሐ አባቶችና ወደ ወላጆች እየበዙ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ካናቢስ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ይልቁንም የሚነሣው ሕጉ ከፈቀደባቸው አገሮች ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶና የዋሽንግተን ግዛቶች ሕዝብ በ2012 በድምፁ ፈቀደው፤ የዋሽንግተን ዲሲ ሕዝብም በ2014 እንዲሁ አደረገ፤ የካናዳ መንግሥት በ2018፥ የጀርመን መንግሥት ደግሞ በ2024 ተከተሉ። (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያው በሚሆንበት ቦታ ለይተን እንናገራለን።) ዴንቨርም፥ ሲያትልም፥ ዋሽንግተን ዲሲም፥ ቶሮንቶም ከወገኖቻችን ብዙዎች የሚኖሩባቸው፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ታክሲና የጭነት መኪና እየነዱ እንጀራቸውን የሚያገኙባቸው ከተሞች ናቸው።

ጥያቄው በሁለት መልክ ይመጣል። ፊተኛው «አባቴ፥ ሕግ የፈቀደውን ባደርግ ምን በደልሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን «አጢሼ ብነዳ ምንም አልሆንም፤ እንዲያውም ከወትሮው ይልቅ ተጠንቅቄ እነዳለሁ» የሚል ነው። ከሁለቱ የሚከብደው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሚናገረው ሰው እየዋሸ አይደለምና። የሚሰማውን በእውነት ይናገራል። ነገሩ የሚያሳስበውም የሚሰማውና የሚሆነው የተለያዩ በመሆናቸው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ መምህራን በሁለት አቅጣጫ ሲሳሳቱ እናያለን። አንዱ «አንድ ጊዜ የሳበው ሰው ያብዳል» ብሎ ያስፈራራል። ልጁ ግን ስበው ያላበዱ ዐሥር ባልንጀሮች ስላሉት መምህሩ ዋሽቶኛል ብሎ ያስባል፤ ከዚያ በኋላም የተነገረውን እውነት እንኳ አይቀበልም። ሌላው ደግሞ «ቅጠል ነው፤ ከመጠጥ ይሻላል» ብሎ ያሰናብተዋል። ስለዚህ እኛ በዚህ ጽሑፍ የተመረመረውን ነገር ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለማቅረብ አስበናል።

አስቀድሞ ስሙን ማጥራት ያስፈልጋል። ይህን ተክል በአገራችን አንዳንዱ ሐሺሽ፥ አንዳንዱ ጋንጃ፥ አንዳንዱም ማሪዋና ይለዋል። ዕፀ ፋሪስ የሚሉትም አሉ፤ ነገር ግን ዕፀ ፋሪስ አስተናግር ለሚባለው ለሌላ መርዘኛ ተክል የሚሰጥ ስም ስለ ሆነ ሁለቱን ማደባለቅ አደጋ አለው። አስተናግር በስሕተት የተበላ እንደ ሆነ ለሞት ሊያደርስ ይችላልና። እኛ ካናቢስ እንለዋለን።

ካናቢስ በውስጡ ካሉት ብዙ ንጥረ ነገሮች መካከል አእምሮን የሚለውጠው ዋናው በአጭሩ ቲ ኤች ሲ ይባላል። ይህን ለይተው ያወጡት ራፋኤል ሜሹላምና የሒኤል ጋኦኒ የተባሉ የእስራኤል ሊቃውንት ሲሆኑ፤ ጊዜውም 1964 ነው። ከዚያ በኋላ በ1988 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአንጎል ውስጥ ቲ ኤች ሲን የሚቀበል የተለየ ስፍራ መኖሩን አረጋገጡ። ሥራው እንደ ቁልፍና እንደ መዝጊያ ነው፤ ቁልፉ በገባበት ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ይከፈታል ወይም ይዘጋል። እነዚህ መቀበያዎች ይልቁንም በብዛት የሚገኙት የሰውነትን ሚዛንና እንቅስቃሴ በሚመራው በትንሹ አንጎል፥ አዲስ ነገርን ለማስታወስ በሚያገለግለው ክፍል፥ እንቅስቃሴን በጊዜው በሚያስጀምረውና በሚያቆመው ክፍል ነው። እስትንፋስን በሚመራው ክፍል ግን ጥቂት ናቸው፤ ካናቢስ እንደ ኦፒየምና እንደ ሄሮይን ትንፋሽን አቁሞ የማይገድለው ስለዚህ ነው። ልጆቻችን ይህን ያውቃሉ፤ እውነት ስለ ሆነ እኛም አንሸሽገውም። ነገር ግን ካናቢስ የሚይዛቸውን የአንጎል ክፍሎች እንደ ገና ቢመለከቷቸው፤ አንድ መኪና ነጂ የሚሠራባቸው ክፍሎች እነዚያው ሆነው ይገኛሉ።

መኪና መንዳት ለለመደው ሰው ሥራ አይመስልም። እየተነጋገረም፥ ዜማ እየሰማም ይነዳል። ሥራው ግን አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። ነጂው መስመሩን ይጠብቃል፤ የፊተኛውን መኪና ርቀት ይገምታል፤ በመስተዋቱ የኋላውን ያያል፤ በመንገዱ ዳር ኳስ የምትከተለውን ሕፃን ልብ ይላል፤ መብራቱ ሲለወጥ እግሩን ወደ ፍሬኑ ያነሣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በአንድ ጊዜ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ነጂው በግማሽ ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይ ፍሬኑን ሳይነካ ከ8 ሜትር በላይ ሄዷል ማለት ነው። በእግረኛ ማቋረጫ ፊት ቆሞ መገኘትና በማቋረጫው ላይ ቆሞ መገኘት የሚለዩት በዚህች መጠን ነው።

ካናቢስ የሚጎዳው ይህን የተከፋፈለ ትኩረት ነው። ሰውዬው አንዱን ነገር አጥብቆ ይመለከታል፤ ሌላው ያመልጠዋል። ጊዜም ይረዝምበታል፤ አምስት ደቂቃው ዐሥር ይመስለዋል።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ እንዳይመስል የተደረጉትን ምርመራዎች ጥቂት እንመልከት። በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ2015 የወጣ አንድ ጥናት 18 ሰዎችን እውነተኛ መኪና በሚያስመስል ትልቅ መሣሪያ ውስጥ አስቀምጦ ካናቢስ አጢሰው፥ መጠጥ ጠጥተው፥ ሁለቱንም ወስደው፥ አንዱንም ሳይወስዱ እየነዱ እንዲታዩ አደረገ። የተለካው ዋናው ነገር መኪናው በመስመሩ ውስጥ ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚዋልል ነበር። በደማቸው ውስጥ ያለው ቲ ኤች ሲ ከፍ ባለ መጠን መዋለሉ ጨመረ። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 8 ማይክሮ ግራም ሲደርስ መዋለሉ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ለመጠጥ ከተወሰነው ወሰን ላይ እንደ ደረሰ ሰካራም ያህል ሆነ፤ ወደ 13 ሲደርስ ደግሞ በአሜሪካ ከተወሰነው ወሰን ላይ እንደ ደረሰ ያህል ሆነ። ሁለቱን አንድ ላይ የወሰዱት መዋለላቸው የሁለቱ ጉዳት ድምር ሆኖ ተገኘ።

በኔዘርላንድ በማስትሪኽት የተደረገውና በ2020 የታተመው ጥናት ደግሞ በመሣሪያ ሳይሆን በእውነተኛ አውራ ጎዳና ላይ የተደረገ ነው። 26 ሰዎች ካናቢስ በእንፋሎት መልክ ስበው፥ ፍሬን የያዘ አሠልጣኝ በጎናቸው ተቀምጦ፥ መቶ መቶ ኪሎ ሜትር ነዱ። ከሳቡ በኋላ ከ40 እስከ 100 ደቂቃ ባለው ጊዜ መዋለላቸው በግልጥ ታየ። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ ጎልቶ አልታየም። እውነቱን ለመናገር ይህ መልካም ዜና ነው፤ ጉዳቱ የሚያልፍ ነውና።

እኛን ይበልጥ ያስደነገጠን ሦስተኛው፥ በ2022 በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ የታተመው ጥናት ነው። በዚህ የተመረመሩት 191 ሰዎች ሁሉም ካናቢስ ማጤስ የለመዱ ነበሩ። ከአጤሱ በኋላ በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት ተኩል የአነዳዳቸው ጉድለት ታየ፤ ወደ አራት ሰዓት ተኩል ሲጠጋ ጠፋ። ነገር ግን በአንድ ሰዓት ተኩል ላይ «አሁን መኪና ለመንዳት ትችላለህን?» ተብለው ሲጠየቁ፤ ካናቢስ ካጤሱት ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ «አዎን» ብለው መለሱ። አነዳዳቸው ግን በግማሽ ሰዓት ላይ ከነበረው አልተሻለም ነበር። ስካሩ በስሜት ቀልሎ በእጅና በዓይን ላይ ገና አልለቀቀም ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው «ምንም አልሆንም» የሚለው ልጅ ያለበት ሰዓት ይህ ነው።

ስለ ጥንቃቄውም አንድ ነገር መናገር ይገባል። መጠጥ የጠጣ ሰው ደፋር ይሆናል፤ ይፈጥናል፤ ያልፋል። ካናቢስ ያጤሰ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መለወጡን ስለሚያውቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከፊቱ ካለው መኪናም ይርቃል። ይህንም ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተውታል። ስለዚህ ልጁ «ተጠንቅቄ እነዳለሁ» ማለቱ ከንቱ አይደለም። መንገዱ ቀጥ ያለና ባዶ እስከ ሆነ ድረስ ይጠቅመዋል። ያልታሰበ ነገር ድንገት ሲመጣ ግን ዝግታው የተበተነውን ትኩረቱን አይሰበስብለትም። በዝግታ መሄድና ማስተዋል አንድ አይደሉም።

እንግዲህ በእውነተኛው መንገድ ላይ አደጋው ምን ያህል ነው? እዚህ ላይ ቁጥሮቹ እንደ መሣሪያው ምርመራ የጠሩ አይደሉም። በ2012 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ዘጠኝ ጥናቶችን ሰብስቦ አጢሶ የነዳ ሰው ለብርቱ አደጋ የመዳረጉ ዕድል እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አስታወቀ። በ2016 ሌሎች ሊቃውንት ስሌቱን እንደ ገና መርምረው ጭማሪው ከዚያ ያነሰ፥ ከሲሶ ያልዘለለ ነው አሉ። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ቢች ከተማ ተደርጎ በ2015 በወጣው ጥናት ደግሞ አደጋ የደረሰባቸው ከ3,000 የሚበልጡ ነጂዎችና አደጋ ያልደረሰባቸው 6,000 ነጂዎች ተነጻጸሩ። ቲ ኤች ሲ የተገኘባቸው በመጀመሪያ ሲታይ አደጋቸው ከሌሎቹ በሩብ ያህል የበለጠ መሰለ፤ ዕድሜና ፆታ በተመዘነ ጊዜ ግን ልዩነቱ ከመጥፋት ደረሰ። በዚያው ጥናት በመቶ ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል የተገኘበት ሰው አደጋው ወደ አራት እጥፍ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን አይተህ የፊተኛው ምርመራ ሐሰት ነው አትበል። ቲ ኤች ሲ በደም ውስጥ ተገኘ ማለት ሰውዬው አሁን ሰክሯል ማለት አይደለም፤ ትናንት አጢሶ ዛሬ ጤነኛ ሆኖ የሚነዳውም በዚያ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ደኅነኛውና የሰከረው በአንድ ከረጢት ሲመዘኑ ክብደቱ ይቀልላል። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ካናቢስ ብቻውን የሚያመጣው የመንገድ አደጋ ከመጠጥ ያነሰ መሆኑን፥ ሆኖም አጢሶ ወዲያው የሚነዳ ሰው ራሱንም ባልንጀራውንም ለአደጋ የሚያቀርብ መሆኑን ነው።

በዚህ ቦታ ለአዋቂዎችም አንድ ቃል አለን። በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ ጠጁንና ውስኪውን ሲጠጡ አምሽተው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ወደ መኪናቸው የሚሄዱ፤ በማግሥቱም ስለ ካናቢስ ልጆቻቸውን የሚገሥጹ ሰዎች አሉ። ልጆች ዓይን አላቸው። ከላይ የተጻፈውን ቁጥር ሲያነቡ ከአባታቸው ብርጭቆ ጋራ ማመዛዘናቸው አይቀርም፤ ቢያመዛዝኑም ነቀፋ የለባቸውም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሁለቱን ማጣመር ነው። በአገራችን ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን በመጠጥ ለማብረድ ጨብሲ የሚባለውን ልማድ ይይዛል፤ ሩቅ አገር የሚነዱ አንዳንድ ሾፌሮች እንቅልፍ ለመከላከል ቅመው ማታ ደግሞ ለመተኛት እንደሚጠጡ የታወቀ ነው። ካናቢስና መጠጥም እንዲሁ በአንድ ምሽት ይገናኛሉ። ሰውዬው «ሁለት ቢራ ብቻ ጠጣሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ቢራ ያረፉት ባዶ በሆነ አእምሮ ላይ አይደለም። መጠጡ መጠንቀቁን ያነሣዋል፤ ካናቢሱ ትኩረቱን ይበትነዋል፤ የፊተኛው ዝግታ እንኳ አይቀርለትም።

አንዳንዱ ደግሞ «ፖሊስ ይዞኝ ደሜ ቢመረመር ከወሰኑ በታች ነኝ» እያለ ይጽናናል። ይህ የማያዋጣበትን ምክንያት መረዳት ይጠቅማል። አልኮል በውሃ የሚሟሟ ስለ ሆነ በሰውነት ሁሉ እኩል ይሠራጫል፤ ትንፋሹን የለካ አእምሮውን እንደ ለካ ያህል ነው። ቲ ኤች ሲ ግን ስብ ወዳጅ ነው። ሰውዬው ባጤሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በደሙ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል፤ ሲወርድም የጠፋ አይደለም፥ ወደ አንጎልና ወደ ስብ ገብቷል። በየቀኑ የሚያጤስ ሰው እንደ ሆነ ከስቡ እየተመለሰ በደሙ ውስጥ ለብዙ ቀን ጥቂት ጥቂት ይገኛል። ስለዚህ ሰክሮ ሳለ ከወሰኑ በታች የሚሆን አለ፤ ጤነኛ ሳለ ከወሰኑ በላይ የሚሆንም አለ። የሳን ዲዬጎው ጥናትም በደም ውስጥ የተገኘው መጠን ከአነዳዱ ጋራ አልገጠመም። መንግሥታት በወሰኑ የማይስማሙትም ስለዚህ ነው፤ በኮሎራዶና በዋሽንግተን ግዛት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም 5 ናኖ ግራም፥ በካናዳ ቅጣት የሚጀምረው ከ2፥ በጀርመን ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በደም ሴረም 3.5 ነው። (ናኖ ግራም ማለት አንዱ ግራም ለቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው።)

በአሜሪካ የጭነት መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ የሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ሕግ አለባቸው። ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉ መንግሥት የመጓጓዣ ደንብ አይፈቅድላቸውም፤ ምርመራውም የሚደረገው ብዙ ጊዜ በሽንት ስለ ሆነ ከቀናት፥ አዘውትሮ ለሚያጤስም ከሳምንታት በፊት የተወሰደውን ያሳያል። ከጥር 2020 ጀምሮ የተገኘበት ሰው ስሙ አሠሪዎች ሁሉ በሚመለከቱት የአገር መዝገብ ይገባል፤ የተደነገገውን ምክርና ምርመራ ሳይፈጽምም ወደ መሪው አይመለስም። ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው እንኳ በግዛቱ የተፈቀደው ካናቢስ እንቅፋት ሊሆንበት እንደሚችል የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በ2019 አስታውቋል። «ሕግ ፈቅዶልኛል» የሚል ሰው የትኛው ሕግ እንደ ፈቀደለት ቢጠየቅ መልካም ነው።

የሚበላውን ሳንጠቅስ አናልፍም። በብስኩት፥ በከረሜላ፥ በቸኮላት ተሠርቶ የሚሸጠው ካናቢስ በሆድ ስለሚያልፍ የሚሠራው ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው። የበላው ሰው «አልያዘኝም» ብሎ ሁለተኛውን ይጨምራል፤ ወይም መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል፤ ስካሩም በመንገድ መካከል ይደርስበታል። ከጤሰው ይልቅም ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሕፃናት ከረሜላ መስሏቸው በልተው ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰዱትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ወላጅ ይጠንቀቅ።

አሁን ከመንገዱ ወደ ሰውነቱ እንመለስ። በ2017 የአሜሪካ የሳይንስ፥ የምሕንድስናና የሕክምና ብሔራዊ አካዳሚዎች የተጻፈውን ሁሉ መርምረው ሰፊ መግለጫ አውጥተው ነበር። አዘውትሮ ማጤስ ለማይለቅ ሳልና ለአክታ ምክንያት ይሆናል፤ እርጉዝ ሴት ብታጤስ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል፤ የሳንባ ነቀርሳን እንደሚያመጣ ግን አልተረጋገጠም። የሚጠቅምበትም ቦታ አለ፤ ለቆየ ሕመም፥ የነቀርሳ መድኃኒት ለሚያመጣው ማስታወክ፥ አንዳንድ የነርቭ ሕመም ለሚያስከትለው የጡንቻ መኮማተር ይረዳል። ከተክሉ የሚገኘውና የማያሰክረው ካናቢዲዮል የተባለው ንጥረ ነገርም በ2018 በአሜሪካ ለሁለት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች መድኃኒት እንዲሆን ተፈቅዷል። «ፈጣሪ የፈጠረው ቅጠል ነው» የሚሉን ልጆች እውነት ይናገራሉ፤ ኮሶንም የፈጠረው እርሱ ነው። እናቶቻችን ግን ኮሶን ለክተው ያጠጡ ነበር እንጂ ያለ ልክ አይሰጡም፤ ኮሶ የጠጣ ሰውም በዚያ ቀን ከቤቱ ይውላል እንጂ በቅሎውን ጭኖ መንገድ አይጀምርም። በሐኪም ትእዛዝ ካናቢስ የሚወስድ በሽተኛም ለመንገዱ ያው ነው፤ መድኃኒት መሆኑ ለመሪው አያበቃውም።

ይበልጥ ልንቆይበት የሚገባን የአእምሮ ሕመም ነው። በስዊድን አገር ለወታደርነት የተመለመሉ ከ45,000 የሚበልጡ ጐልማሶች 15 ዓመት ያህል ተከታትለው ሲታዩ፤ ከ50 ጊዜ በላይ ካናቢስ የወሰዱት ስኪዞፍሬንያ በሚባለው ሕመም የመያዛቸው ነገር ካልወሰዱት ስድስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በ1987 ታተመ። ሌሎች ምክንያቶች ሲመዘኑ ቁጥሩ ወደ ሁለትና ወደ ሦስት እጥፍ ወርዷል፤ አልጠፋም ግን። በ2019 የታተመ የአውሮፓና የብራዚል ከተሞች ጥናት ደግሞ ኃይለኛውን ካናቢስ በየቀኑ የሚያጤሱ ሰዎች ፈጽሞ ካላጤሱት ይልቅ ወደ አምስት እጥፍ ለሚሆን የአእምሮ መታወክ የቀረቡ መሆናቸውን አሳየ። ኃይለኛ ማለታችን ከመቶው ዐሥር እጅና ከዚያ በላይ ቲ ኤች ሲ ያለበትን ነው። በአሜሪካ ተይዞ በተመረመረው ካናቢስ ውስጥ በ1995 ከመቶው አራት ያህል የነበረው በ2014 ዐሥራ ሁለት ያህል ደርሷል። ስለዚህ «እኔም በወጣትነቴ ቀምሼው ነበር፤ ምንም አላደረገኝም» የሚል ሽማግሌ የቀመሰው ሌላ ነገር ነው።

ከሚያጤሱት የሚበዙት እንዲህ ያለ ሕመም አያገኛቸውም። የሚያሰጋው በቤተ ዘመዱ ይህ ሕመም ላለበትና በለጋ ዕድሜው ለጀመረው ይልቁን ነው፤ አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነውና። ድምፅ ይሰማኛል፥ ሰዎች ይከታተሉኛል የሚል ወጣት ወደ ጠበል በመጣ ጊዜ ካህኑ ጠበሉን ሳይከለክል ወደ ሐኪምም ቢልከው መልካም ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሕክምና ብዙ ይለውጣልና፤ የዘገየው ዓመት አይመለስም።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 እንዲህ ያሉትን ዕፆች ማምረትንም፥ ማዘዋወርንም፥ መጠቀምንም ይከለክላል። ስለዚህ በአገር ቤት ያለው ጥያቄ የተፈቀደና ያልተፈቀደ አይደለም፤ በስውር የሚደረገውን የሚያይ ሰው መጥፋቱ ነው። በመንገዶቻችን ላይ በየዓመቱ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ይሞታሉ። የሾፌሩ ዓይን መቅላቱን፥ አነጋገሩ መጎተቱን ተሳፋሪው ያያል፤ ያያልም ዝም ይላል፤ ረዳቱም ዝም ይላል። እንጀራው ነው፥ አይሆንም፥ ያፍርብኛል እያሉ ሠላሳ ሰው አንድ ሰው ላለማሳፈር ሲል ነፍሱን አሳልፎ ሲሰጥ እናያለን። ነጂውን «ወንድሜ፥ እስቲ ወርደህ ጥቂት ዕረፍ» ማለት ስድብ አይደለም።

የንስሐ አባትም ልጁ ስለ ማጤሱ በተናገረ ጊዜ «ታጤሳለህን?» ብሎ ብቻ ባይቆም፤ «ካጤስህ በኋላ ወደ ቤት ማን ነድቶ ገባህ?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ልጁ ማጤሱን እንደ ራሱ ጉዳይ ብቻ ቢቆጥረው በሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ሰው ይገባበታል፤ ከኋላ የተቀመጠችው እኅቱ፥ በማቋረጫው ላይ ያለው ሽማግሌ። ወዲያው ሁሉን ይተው ዘንድ ያልቻለ ቢሆን እንኳ አጢሶ ላለመንዳት በዚያው ቀን ቃል ሊገባ ይችላል። በካናዳ በ2017 የወጣው የጤና መመሪያ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መቆየትን ያዛል፤ የተበላ እንደ ሆነ ከዚያ ይረዝማል፤ ከመጠጥ ጋራ የተወሰደ እንደ ሆነ ግን ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማደር ይሻላል።

ፈጽሞ ለመተው የቆረጠውም ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ካናቢስን ከሞከሩት ከመቶው ዘጠኝ ያህሉ፥ በልጅነታቸው ከጀመሩት ከስድስቱ አንዱ ያህል በሱስ ይያዛል። ሱሰኛ የሆነው በተወ በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ ያጣል፤ ምግብ ይጠላል፤ በትንሹ ይቆጣል፤ የከበደ ሕልምም ያያል። ወላጆች ይህን ንዴት እንደ ዓመፅ ቆጥረው የተወውን ልጅ እንዳያባርሩት ካህኑ አስቀድሞ ያስጠንቅቃቸው፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላው የሚበዛው ይቀልለታል፤ እንቅልፉ ግን ከሁሉ ዘግይቶ ይመለሳል።